በማስቲሽ እጅ ጉልበት መሳም

መኪናዬ ሰቆጣ የገባችው በጎማዋ ሳይሆን ተፈታትታ በአህያ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ መንገዱ መኪና አያሳልፍም። ኮረም ላይ የገዛኋትን አሮጌ መኪና ብሎን በብሎን ፈትቼ ጫንኋት። ሞተሩን አህያ ስላልቻለው ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸከመው። በየመንደሩ ሰው ከደጁ እየወጣ «እግዚአብሔር ይማረው!» ይለን ነበር። ማስረዳቱ ስለሚያደክም «አሜን» እያልን አለፍን።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሠርጌ ነው። ከከተማው እስከ እጮኛዬ መንደር ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ፣ በመኪና ላመጣት ምያለሁ። አባቷ ግን ሹፌርና መካኒክ ስለሆንሁ ከመጀመሪያውም አልወደዱኝም። ሽማግሌ ብልክባቸው «መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ እርፍ አይጨብጥም። ልጄ ምን ልትበላ ነው?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ስለተመላለሱባቸው እንጂ ወደው አልሰጡኝም።

በሠርጌ ዋዜማ መኪናዋን ገጥሜ ጨረስሁ። የቀረኝ አቧራ እንዳያስገባ መስተዋቱንና በሩን ዙሪያውን በጥቁር ማስቲሽ ማሸግ ነበር። ማስቲሽ የሚቀባው በስስ እንጨት፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ይህን ሰቆጣ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን ቸኩዬ አሥር ጣቴን ዘፈቅሁበት። መስተዋቱ ሲታሸግ እኔም አብሬ ታሸግሁ።

ይህን የሚያስለቅቀው ቤንዚን ነው። ያለው ቤንዚን ደግሞ በሙሉ የመኪናዋ ሆድ ውስጥ ነው፤ ቀድቼ ብታጠብበት መንገድ ላይ ልትቀር ነው። ከእጄ መኪናዬን መረጥሁ። በአመድ ፈተግሁ፣ በአሸዋ ፈተግሁ። በእንዶድም ታጠብሁ፤ እንዶዱ ከማስቲሹ በቀር ሁሉን አጸዳ። ጠዋት በጥር ብርድ ደርቆ ሳየው «ተገላገልሁ» ብዬ ለሠርጌ ለበስሁ። ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኝ መልሶ እንደሚለሰልስ ረስቼው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ በመኪናዋ ደርሰን የሙሽራዋ ቤት ዳስ ገባን። በወጉ መሠረት ጎንበስ ብዬ የአማቴን ጉልበት በሁለት እጄ ይዤ ሳምሁ። ቀና ልል ስል እጄ እምቢ አለ፤ አዲሱ ነጭ ሱሪያቸው አብሮኝ ተነሣ። ሚዜዬ እኔን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አማቴ ሱሪያቸውን ወደ ታች ይጎትታሉ። ዘፋኞቹ ዘፈኑን ትተው ሊያዩ ተንጠራሩ። አንዲት አሮጊት ብቻ «አቤት አክብሮት! ጉልበት እንዲህ ነው የሚሳም!» ሲሉ ተሰሙ።

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። በቃ፣ ልጅቷን ሊከለክሉኝ ነው አልሁ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ አማቴ።

«ማስቲሽ ነው፣ አባቴ። ለመኪናዋ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ቅቤ አምጡ!»

የመጣው ለሙሽራዋ ጠጉር የተዘጋጀው ቅቤ ነበር። ሱሪያቸውን ካላቀቁ በኋላ፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት መዳፌን ይዘው ጣት በጣት ያሹልኝ ጀመር። ጥቁሩ እየለቀቀ ሲሄድ በመፍቻ የጠጠረው፣ የተሰነጣጠቀው መዳፌ ብቅ አለ። አማቴ ማሸታቸውን አቆሙ። በአውራ ጣታቸው የጠጠረውን ቆዳ ዳሰሱት። የራሳቸውንም መዳፍ ገልብጠው አዩ።

«ለካስ አንተም ታርሳለህ» አሉኝ ቀስ ብለው።

እንባዬ መጣ፤ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወዲያው ጨመሩበት፦ «ልጄ የምትሄደው በበቅሎ ነው።»

በበቅሎ ሄደች። እኔ መሪውን በቅቤ እጄ ይዤ ከኋላዋ ነዳሁ። በቅሎዋ ያስነሣችውን አቧራ ሁሉ መኪናዬ ለበሰች፤ ወደ ውስጥ ግን አንዲት ቅንጣት አልገባም።