ማሰሮ ላይ የበቀለው ፌጦ

ሽኩፌ አማቷን ቶራንን ከገጠር፣ በኢራን ያዝድ ከተማ ወዳለው አራተኛ ፎቅ ቤቷ ካመጣቻቸው ወዲህ፣ ያለ ትኩስ የፌጦ ቅጠል ዳቦና አይብ አልወርድ ብሏቸው ከሱ። ልታበቅልላቸው ፍሬውን እንደ ምስር ዘፍዝፋ ጠዋት ማታ ብታጥበው ተጣብቆ ሸተተ።

«ሙሽሪት፣ ሙጫ ልታበዪኝ ነው?» አሏት።

«እማማ፣ ሳላበቅለው አልተውም!»

ሌላ ፍሬ ዘፍዝፋ ሳታጥብ፣ የአገሯ ሰው ለአዲስ ዓመት ቡቃያ ሲያበቅል እንደሚያደርገው፣ ውሃ በሞላችው ማሰሮ ገላ ላይ ለጠፈችው። ከሸክላው የሚያልበው ውሃ አጠጣው፤ በሳምንቱ ማሰሮው አረንጓዴ ለበሰ።

«የማሰሮ ቡቃያ በአዲስ ዓመት አሥራ ሦስተኛው ቀን ወንዝ ይጣላል እንጂ ይበላል እንዴ?» አሉ ቶራን።

«ወንዙን አልራበውም፤ እርስዎ ይብሉ» ብላ በመቀስ ቆረጠችላቸው።

በዳቦ ጠቅልለው ጎረሱ። «ያቃጥላል» አሉና ሌላ ዳቦ አነሱ።