ባለ አራት ፎቅ ይቅርታ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቲቸር አጁሉ «እስቲ እጅህን» አለችኝ። ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችውና «ይሄ እጅ የሚያውቀው በቆሎ ነው፤ ታጠብ» አለች። ታጥቤ መጣሁ። «እንደገና።» ለሦስተኛ ጊዜ ታጥቤ ስመለስ አንገቴ ላይ ፎጣ ጣለችልኝ። ጋምቤላ ላይ ወረቀት የሚሠራ ሰው ትልቁ ጠላቱ የገዛ ግንባሩ ነው። አንዲት ጠብታ ላብ የግማሽ ቀን ሥራ ታበላሻለች።

ሰይድ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ ላይ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ቲቸር አጁሉ ደግሞ የአኙዋ ተወላጅ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ከቤቷ የፊተኛውን ክፍል የካርድ መሥሪያ አድርጋዋለች። የገና፣ የሠርግ፣ የምርቃት፣ የሽኝት ካርድ እንሠራለን። ታላቄ ናት ብዬ «እርስዎ» ስላት ግራና ቀኝ አየችና «እዚህ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከስንት ሰው ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ሆነች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ይሁን እንጂ እኔ ካርድ ላይ የምጽፈውን በቀይ እስክሪብቶ የምታርመው እሷ ናት። ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው።

ሁለት ሠራተኛ ሆነን ሦስት ማዕረግ ነበረን፦ ቆራጭ፣ ለጣፊ፣ መቺ። ቆራጭ ማስመሪያና ምላጭ ይይዛል። ለጣፊ ወረቀት በወረቀት ላይ ይደርባል፤ ሥዕሉ ከፍ ብሎ እንዲታይ በየመሃሉ ጠንካራ ወረቀት ይከታል። መቺ ማኅተም ይመታል። የእኛ ማኅተም ከአሮጌ ሲሊፐር ሶል በምላጭ የተቀረጸ አበባ፣ ወፍ ወይም የባሮ ዓሣ ነው። ሶሉን የማንጎ እንጨት ላይ እንለጥፍና ቀለም የጠጣ ስፖንጅ ላይ ጫን አድርገን ወረቀቱ ላይ እናሳርፈዋለን። ከቆራጭነት ወደ ለጣፊነት ለማደግ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። አሁን መቺ ከሆንኩ አሥር ዓመት አለፈኝ።

ደንበኛው ድርቡን «ፎቅ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም። አንድ ቀን ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የሚሠራ ሰውዬ መጥቶ ለሚሸኙት ኃላፊ ባለ ሦስት ፎቅ ካርድ አዘዘ። «ምክትሉም አብሮ ነው የሚሸኘው» አለ። «ለሱ ሁለት ፎቅ ይሁን?» አልኩት። «ይከፋዋል።» «እሺ፣ ሦስት ይሁን?» «እንዴ! አለቃው ይከፋዋል!» ቲቸር አጁሉ ከጓዳ ሆና «ሁለት ተኩል አድርግለት» አለች። ወላሂ ሠራሁት። ሦስተኛዋን ወረቀት አጋምሼ ለጠፍኩ፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ሄደ።

እንግዲህ ወደ ኦቻላ ልምጣ።

ኦቻላ ሹፌር ነው። ግድንግድ ሰው ነው፤ ሲገባ በሩን ይሞላዋል። ያን ቀን ወንበር ስቦ ተቀመጠና የዓሣውን ማኅተም ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ ሚስቱ አሪየት ጥላው ፑኝዶ እናቷ ቤት መግባቷን ነገረኝ። ከመምህራን ኮሌጅ የተመረቀች ቀን አልተገኘላትም። ደውላ የት ነህ ስትለው «ፊልድ ነኝ፤ መኪናው ተበላሸብን» አላት። እሱ ባሮ ዳር ከጓደኞቹ ጋር የተጠበሰ ዓሣ ከብቦ ነበር። አንዱ ጓደኛው ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ጋውኗን ሳታወልቅ አየችው።

«ታዲያ ደውለህ ይቅርታ አትላትም?» አልኩት።

«እደውላለሁ። ታነሳለች።»

«እሺ?»

«ሙቀቱ እንዴት ነው እላታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ትዘጋዋለች።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩት። ሰውየው ግን ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙን ራሱ እንዳጠበውም ያስታውቃል። «ሰይድ፣ አሪየት ካልመጣች እኔ አበቃልኝ» አለ። «ትልቁን ሥራልኝ። አራት ፎቅ።»

አራት ፎቅ ሠርቼ አላውቅም። ቲቸር አጁሉ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሄዳለች፤ ቤቱ በእጄ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አጠፋሁ፤ በማንም አላላክክም። አንደኛ፣ ኮላ አልቆ ነበርና በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩ። ሁለተኛ፣ ለመሃል ፎቆቹ የሚሆን ጠንካራ ወረቀት ስላጣሁ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በኪሎ ከገዛነው አሮጌ ወረቀት ሁለት አነሳሁ። ስም ያለበትን ራስጌውን ቆረጥኩ፣ ዳር ዳሩን ቀይ ቀባሁና ደረብኩት። ጽሑፉን አላነበብኩትም። ተሸፍኖ ይቀራል፣ ማን ያየዋል አልኩ። አናቱ ላይ ቀይ ጽጌረዳ መታሁ፤ ከሥሯ «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ሲያምር! ኩራት ተሰማኝ። ኦቻላ ወደ ፑኝዶ ለሚሄድ መኪና ሹፌር ሰጠው፤ ሹፌሩም ፀሐይ ያነደደው ዳሽቦርድ ላይ ጥሎት ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት አንዲት ቀጠን ያለች ሴት በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። «የዚህ ቤት ኃላፊ ማነው?» አለች።

ከጉባኤው የተመለሰችው ቲቸር አጁሉ «እኔ ነኝ» አለች።

«አሪየት እባላለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ቅረቢ ተብዬ ቀርቤያለሁ።»

ፕላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ካርዴ ነው፤ ጀርባው ላይ የቤታችን ስም አለ። ሙጫው በሙቀት ደርቆ ፎቆቹ አንድ በአንድ ተላቀዋል። ሁለተኛውን አነሳችና ጮክ ብላ አነበበች። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታዎ ስለተለዩ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሰው ሥራዎን ካልጀመሩ እርምጃ እንወስዳለን።» ቀና ብላ አየችን። «የምን የሥራ ገበታ? ሚስቱ ነኝ ወይስ ዘበኛው?» ከጽሑፉ ሥር ስሙ የደበዘዘ ክብ ማኅተም አለ፤ ይሄኛው የሲሊፐር ሶል አይደለም፣ የእውነቱ ነው። ሦስተኛውን አነሳች። «የንብረት ርክክብ ቅጽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አጎቴ መዝገብ ቤት ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው» አለች። «ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አገላብጦ አየውና፣ ልጁ አካሄዱን ጠብቋል አለ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቀጥሎ አስጠነቀቀ፣ ቀጥሎ ንብረት ያስረክባል፤ ማኅተም አለው፣ ሕጋዊ ነው አለ። እናቴ አለቀሰች።» ወዲያው ደግሞ ጋለች። «ግልባጭ ለሰው ሀብት ይላል! ሰው ሀብት ማን ናት? እናቱ ናት?»

ቲቸር አጁሉ ወደ እኔ ዞረች። ያንን አስተያየት ተማሪዎቿ ያውቁታል። ሁሉንም አወጣሁ፤ ሙጫውን፣ የኪሎ ወረቀቱን፣ ማን ያየዋል ማለቴን። አሪየት አላመነችኝም። የቀረውን ክምር አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። የአበል ጥያቄ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ሌላም ማስጠንቀቂያ። እያገላበጠች አየችና አመነች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። «በሉ ይደወልለት» አለች።

ደወልኩ፤ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሰይድ፣ ፊልድ ነኝ» አለ ኦቻላ።

ያ አላህ! አሪየት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ዓሣው በሰለ?»

ከስልኩ ጩኸት መጣ። «አሪየት! በእውነት ፊልድ ነኝ! ጀዊ ነኝ! መጣሁ!»

ብዙም ሳይቆይ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ላቡን ጠረገ። «ሙቀቱ…» አለ።

«ኦቻላ!» አለች ቲቸር አጁሉ። ትንሽ ልጅ ሳለ አስተምራዋለች።

ቀጥ ብሎ ቆመ። «ያን ቀን ፊልድ አልነበርኩም» አለ። «ዓሣም አላማረኝም ነበር። ጓደኞችሽ ሁሉ ተምረዋል። ባሎቻቸውም ተምረዋል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፎቶ ላይ ከጎንሽ ብቆም ታፍሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ዋሸሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አሪየት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እኔ እኮ በር በሩን ነበር የማየው» አለችው። «ያለ እሱ ፎቶ አልነሳም ብዬ ሳልነሳ ቀረሁ።» ኦቻላ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ አለቀስኩ።

ሊወጡ ሲሉ አሪየት ከበሩ ተመለሰች። «አጎቴ በቃል አይመለስም» አለች። «ንብረት እረከባለሁ ብሎ መኪና እያፈላለገ ነው። ወረቀት ያስፈልገኛል።»

ቲቸር አጁሉ እስክሪብቶ አነሳችና «ጉዳዩ፦ ማስጠንቀቂያ ስለ ማንሳት» ብላ ጀመረች። ባለ አንድ ፎቅ አድርጌ ሠራሁት፤ በኮላ። ኦቻላ ፈረመ። ክብ ማኅተም ያለን የዓሣው ብቻ ስለሆነ ከፊርማው አጠገብ እሱን መታሁ። ኦቻላ ሲያየው ፊቱን አዞረ። «ከዚህ ሁሉ ማኅተም ሌላ አጣህ?» አለኝ። አሪየት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ጠረጴዛውን ይዛ ነው የሳቀችው። አጎትየውም አገላብጦ አይቶ፣ ማኅተም አለው ብሎ ፋይል ውስጥ አስገባው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ሁሉ ፊትና ጀርባውን አንብቤ ነው የምለጥፈው። የይቅርታ ካርድ ሊያዝዝ የመጣን ሰው ደግሞ አስቀድሜ «በአፍህ ብለሃታል?» እለዋለሁ። አላልኩም ካለኝ፣ ሄዶ ብሎ እንዲመጣ እመልሰዋለሁ። አብዛኛው በዚያው ይቀራል፤ ታርቋል ማለት ነው። የይቅርታ ካርድ ገበያ ለምን እንደቀዘቀዘ ቲቸር አጁሉ እስካሁን አልገባትም።