ከመግሪብ በኋላ አንድ ጉንጭ

ዓዚዛ ኢድሪስ ግትር ናት የሚሉ ሰዎች አልዋሹም። አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ ፍራንክፈርት ከገባች ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ጻይል በሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ አንድ ትልቅ የልብስ መደብር የምታጸዳ ሴት ናት። ወገቧን ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ የታዘዘላት የሕመም ማስታገሻ ሱስ ሆነባት፤ ኪኒኑ ሲቆምባት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ መግዛት ጀመረች። ከዚያም የባሰ መጣ። ብቸኛ ልጇ ኣስማእ ያገባችው በነዚያ ዓመታት ነው፤ እናቷን ሠርጓ ላይ አልጠራቻትም።

ላለፉት አራት ዓመታት ግን ዓዚዛ በየማለዳው ከሥራ በፊት ወደ አንድ የሱስ ሕክምና ክፍል ትሄዳለች። ነርሷ ፍራው ክሩገር የሱሱን መድኃኒት ሜታዶንን በትንሽ ኩባያ ቀድታ በመስኮቱ ታቀብላታለች። ዓዚዛ እዚያው በነርሷ ዓይን ሥር ትጠጣለች፣ ውሃ ታስከትላለች፣ ከዚያ አንድ ነገር መናገር አለባት። መድኃኒቱን በአፍ ይዞ ወጥቶ የሚሸጥ ስላለ ደንቡ ነው። ፍራው ክሩገር ሁልጊዜ "ዛሬ ምን ሊበሉ ነው?" ትላታለች፤ እሷም "ምስር" ወይም "ፓስታ" ብላ ትወጣለች።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ኣስማእ ደወለች። "እማዬ፣ ሪደርቫልድ የገባንበትን ቤት አላየሽውም። የመጨረሻውን ቀን እኛ ጋ አፍጥሪ።"

ዓዚዛ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ወሰነች፤ ወሩን ሙሉ ጾማ፣ ልጇ ማዕድ ላይ እንደ ጿሚ ልትቀመጥ። በሽተኛ አይገደድም የሚለው ጠፍቷት አይደለም። "አሥር ዓመት ሙሉ ከማይገደዱት ጋር ተቆጥሬያለሁ፤ ይበቃኛል" ብላ ነው።

ችግሩ፣ መድኃኒቷን የምትወስደው ጠዋት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። ዓዚዛ ግን ለሁሉም ነገር የመሥሪያ ቤት ፎርሙላር ስትሞላ ኖራ ኖራ፣ ለአላህ ጉዳይ ፎርሙላር መለመን ነውር መሰላት። ስለዚህ በመጀመሪያው የጾም ጠዋት ሜታዶኑን ጉንጯ ውስጥ ያዘችው። መጸዳጃ ቤት ገብታ ባዶ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ልትተፋውና ለመግሪብ ልታቆየው አስባለች።

"ዛሬ ምን ሊበሉ ነው?" አለች ፍራው ክሩገር።

ዓዚዛ ራሷን ነቀነቀች፣ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ በተነፋ ጉንጭ ፈገግታ የት ይመጣል! ነርሷ ኩባያውን መልሳ አቀረበችላት። ዓዚዛ ተፋችው።

ዶክተሩ ተጠሩ። "ለማን ሊሸጡት ነበር?" አሏት።

ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። "እኔ ሌባ አይደለሁም! ጾመኛ ነኝ!" ስትል መጠበቂያ ክፍሉ በሙሉ ዞረ። "ጀንበር ስትጠልቅ እወስደዋለሁ፤ ቀን አልውጥም!"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ቀን ሥራ ለሚውሉ ሕሙማን ብለን እኮ ማታም እንሰጣለን፣ እስከ ስድስት ተኩል። ለምን አልጠየቁም?"

ማታ እንድትመለስ፣ ካመማት ጾሙን ትታ በማንኛውም ሰዓት እንድትመጣ፣ ዳግመኛ በጉንጯ ከያዘች ግን ከሕክምናው እንደምትወጣ ነግረው ሸኟት።

ያ ቀን አልመሽ አለ። ላቡ ያጠምቃታል፣ እግሯን ይቆረጥማታል፣ ማዛጋቱ ዕንባዋን ያመጣዋል። መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም። በፈረንጅ ሰዓት ለስድስት አሥር ጉዳይ ሲል መስኮቱ ጋ ነበረች። ቢስሚላህ ብላ አንድ ተምር ቀመሰች፣ ኩባያውን ጨለጠች።

"ዛሬ ምን ሊበሉ ነው?"

"ሾርባ! ሳምቡሳ! ያገኘሁትን ሁሉ!" አለች፣ አፏን ከፍታ እያሳየች።

ፍራው ክሩገር ሳቀች። በማግስቱ የመግሪብን ሰዓት ከኢንተርኔት አውጥታ መስኮቱ አጠገብ ለጥፋ ጠበቀቻት። ዓዚዛ አንድም ቀን አልቀረችም፤ ሽንቷ በተመረመረ ቁጥርም ከዕፅ ንጹሕ ነበር። ጀንበሯ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየች፣ በመጨረሻው ሳምንት ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ የምትጠልቅ ሆነች። ዓዚዛ የተለጠፈውን ሰዓት ደጋግማ አየችው። አምስት ቀን ሲቀራት ልትሸነፍ ነው?

በዚህ ጊዜ ግን ጠየቀች። ዶክተሩ መዝገቧን አገላበጡና አምስት ትንንሽ ጠርሙሶች አስመጡ። እያንዳንዱ ላይ ስሟ ተጽፏል። "ቤትዎ ይውሰዱት። ማንም ቆሞ አያይዎትም፤ እናምንዎታለን" አሏት። ዓዚዛ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒቷን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች፤ ስትራመድ ወገቧም የዳነ መሰላት።

አራቱን ጋሉስ ሰፈር፣ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ጠጣች። አምስተኛውን ይዛ ሪደርቫልድ ሄደች። ነገ ኢድ ነው ተብሏል። ኣስማእና ባሏ ኣልኣሚን ሾርባውን ከበው አዛኑን ይጠብቃሉ። መታጠቢያ ቤት ገብታ መጠጣት ትችል ነበር። ጠርሙሷን አውጥታ ተምሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ኣልኣሚን አንገቱን ደፋ፤ ኣስማእ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች።

አዛኑ ከስልኩ ተሰማ። ዓዚዛ ተምሯን ቀመሰች፣ ጠርሙሱን ፊታቸው ጨለጠች፣ ውሃ አስከተለች።

"በይ ጠይቂኝ እንጂ" አለቻት ልጇን።

ኣስማእ ስትደነግጥ ጀርመንኛዋ ይቀድማታል። "ቫስ? ምን?"

"ዛሬ ምን ልትበዪ ነው፣ በዪኝ። ካልጠየቁኝ መዋጤ አይታወቅም።"

ኣስማእ ማንኪያዋን አስቀምጣ "ዛሬ ምን ልትበዪ ነው፣ እማዬ?" አለች።

ዓዚዛ አፏን ከፈተች፤ ምንም የተደበቀ አልነበረም። "አንቺ የሠራሽውን፣ ልጄ" አለች። "ሁሉንም።"