ለኮሌጅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ጥር ልጄ ሳራ ክፍሏን ዘግታ ከኮምፒውተሯ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ኋላ ስትወጣ እንዳየኋት፣ ከላይ የእናቷን ጥቁር ጃኬት፣ ከታች የመኝታ ሱሪዋን ለብሳለች። አሜሪካ ላለ አንድ ኮሌጅ አመልክታ፣ ከዚያ የተመረቀ ሰው እንዲያነጋግራት ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀባት። ስትወጣ ማን እንዳነጋገራት ጠየቅኋት።

«አላውቅም ባባ። አንዲት ሴትዮ ናት፤ ጥሩ ሰው ናት። ቦስተን መሰለኝ የምትኖረው።»

«ቤታችንን አላየችም?»

«ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ አይታለች» አለችና እየሳቀች እርጎ ፍለጋ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች።

ያ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ እሱም ያለፈው ዓመት። እኔ ግን ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ ባለው ወጥ ቤቴ ውስጥ ሳህን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ በዕድሜው ለእኔ ሽማግሌ የላከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለሚስት እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቴን ራሴ ለምኜ ነው ያገኘኋት። ሽማግሌ የላከልኝ ለኮሌጅ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከዙሪክ ወጣ ብሎ፣ ረገንስዶርፍ ነበር። ከአምስተኛው ፎቅ መስኮታችን የሚታየው የሌላ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ነው። አባቴ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ እዚህ ደግሞ ፖስታ ቤት ጥቅል ይለያል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሒሳብ አስተማሪዬ ስለ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ነግሮኝ፣ ጥቂት ተማሪ መርጦ፣ አቅም ለሌለው ሁሉንም ችሎ እንደሚያስተምር ሰምቼ፣ ፎርሙን ሞላሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ያን ኮሌጅ የፈለግሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የፈለግሁት ነገር የለም። ቅጠሉ ቀይ የሆነበት ፎቶግራፉ ትራሴ ሥር ነበር፤ ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። ከኮሌጁ የተመረቁ፣ ጄኔቫ የሚኖሩ አንድ ሰው ያነጋግሩሃል፤ ያዩትንም ይጽፉልናል ይላል። አባቴ ሦስት ጊዜ አስተረጎመኝ። ሰውየው ራሳቸው ይወስኑ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይ፣ እሳቸው የሚጽፉት ምስክርነት ነው፣ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው አልኩት።

«ታዲያ ዋስህ ናቸው በለኛ» አለ።

ዋስ አይደሉም፣ ቃለ መጠይቅ ነው ብል አልሰማኝም። ለዘበኝነት እንኳ ያለ ዋስ የማይቀጠርበት አገር ሰው ነው፤ ዳይሬክተር ሳለ ስንቱን ዋስ አምጣ ሲል ኖሯል። «የማያውቅህ ሰው እንዴት ብሎ ዋስ ይሆንሃል?» አለና ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔ ሳቅሁ፤ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የቀጠሮው ቅዳሜ ዙሪክን ጭጋግ ውጧት ነበር። ዋናው ባቡር ጣቢያ ስደርስ፣ የጄኔቫው ባቡር በሚነሣበት ቦታ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ጋሽ አሰፋ ናቸው፤ ባገራቸው የአውራጃ ዳኛ የነበሩ፣ በዙሪክ ትራም የሚያጥቡ። ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ አጣፍተዋል። ሁለተኛው ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ ዲቤንዶርፍ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ፣ የአንዲት ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ ሽማግሌ። እሳቸው ክራባት አስረው ፌስታል ይዘዋል። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ ግን ሽማግሌ ሲመርጥ ሃይማኖት አልለየም።

ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቅ «አንተ ወደምትሄድበት» አሉ ጋሽ አሰፋ። «አባትህ ልኮናል። ትልቅ ነገር ያለ ሽማግሌ አይጠየቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደብዳቤው ብቻህን ና ይላል ብዬ ለመንኳቸው። እነሱም «አንተን ማን ነካህ፣ ባቡሩ የሁሉም ነው» ብለው ፊቴ ተቀመጡ።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ጋሽ አሰፋ ምንም አልቀመሱም። ጋሽ ተስፋዬ ከፌስታላቸው የተቀቀለ እንቁላል አወጡ፤ ጓደኛቸውን አዩና መልሰው ከተቱት፤ የበርን ከተማን ካለፍን በኋላ ግን አልቻሉም፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ላጡት። ሽታው ፉርጎውን ሞላው። «ብላ ወንድሜ፣ እንቁላሉም አይቶኛል እኔም አይቼዋለሁ» አሉ ጋሽ አሰፋ። ሎዛን ልንደርስ ስንል ባቡሩ ከዋሻ ወጣ፤ ጭጋጉ የለም፣ ፀሐይ፣ ከታች ሐይቁ፣ እስከ ውሃው የሚወርድ የወይን እርከን። ሁለቱም ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ኋላ ጋሽ ተስፋዬ ጣና ይህን ያህላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ጋሽ አሰፋም በዳኛ ድምፅ «ይበልጣል» ብለው ፈረዱ።

ጄኔቫ ስንደርስ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲጠብቁኝ ተማጸንኳቸው። እሺ አሉ። ቢዝ የሚሉት የጄኔቫ ንፋስ ውሃውን ገርፎ ያመጣባቸዋል፤ እኔ ግን አላዘንኩላቸውም፤ ጥያቸው ሄድኩ።

ያነጋገሩኝ ሰው ሚስተር ዊትከም ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በጄኔቫ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የጨረሱ፣ ረጅምና ቀጭን አሜሪካዊ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ፣ መጻሕፍት የሞላው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጡኝና ስለ ራሴ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ምላሴ ተሳሰረ። በቤታችን ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው ስሙ ጉረኛ ነው። ሒሳብ እወዳለሁ አልኩ። ሌላስ? እግር ኳስም እወዳለሁ። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ ጥያቄውን እያገላበጡ ረዱኝ፤ እኔ ግን እየባሰብኝ ሄደ። አንድ ጊዜ ሰዓታቸውን ሲያዩ አየሁ። ያ የቀይ ቅጠል ፎቶግራፍ ከእጄ ሲወጣ ታወቀኝ።

ይሄኔ ደወል ተደወለ። ሚስተር ዊትከም በሩን ሲከፍቱ ሁለቱ ቆመዋል፤ አፍንጫቸው ቀልቷል። ለካ አባቴ የደብዳቤውን አድራሻ ሰጥቷቸው ኖሯል። ኋላ ብርዱ ነው ያስገባን ብለው ተከራክረዋል፤ እኔ አላመንኳቸውም።

ሰውየው ደንግጠው ወንበር ሳቡላቸው። አልተቀመጡም። ሻይ ልስጣችሁ ቢሉም አልጠጡም። እኔ ጆሮዬ እየነደደ፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ እንደማይቀመጡ አስተረጎምኩ፤ ባገራችን ወግ ነው አልኩ። ሚስተር ዊትከም ትንሽ አሰቡና እሳቸውም ቆሙ። ጋሽ ተስፋዬ ቤቱን ባጭሩ ባረኩ። ከዚያ ጋሽ አሰፋ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ እንደሚያውቁኝ ተናገሩ፤ እሑድ እሑድ ሕፃናትን ሒሳብ እንደማስጠና፣ ሁለተኛ ፎቅ ላሉት ስዊዘርላንዳዊት አሮጊት ዕቃ እንደማወጣ። የራስን ምስጋና በራስ አፍ መተርጎም ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ጎንበስ ብዬ ተረጎምኩት። ቀጠሉ።

«ይህ ልጅ አንዴ ዋሽቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቱን ዋሽቷል። ትራም ውስጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለአባትህ ራስህ ካልነገርክ እኔ እነግረዋለሁ አልኩት፤ በዚያው ቀን ነገረው። በዓመቱ እንደገና ተፈትኖ ገባ። ጉድፉን ያልተናገረ ምስክር፣ ምስክር አይደለም።»

እውነት ነው። ጂምናዚዩም የሚሉት፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ስገባ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የሙከራ ጊዜ ነው፤ ፕሮበጻይት ይሉታል። ወደቅሁ። ለቤት ሳልናገር፣ በየጠዋቱ ቦርሳዬን ይዤ እየወጣሁ ከመጨረሻ ፌርማታ እስከ መጨረሻ ፌርማታ በትራም ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ቀን ጋሽ አሰፋ ሊያጸዱ ባልዲያቸውን ይዘው ገቡና አገኙኝ።

አሁን በሚስተር ዊትከም ሳሎን ይህን ሁሉ «ታታሪ ልጅ ነው ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩት።

ሚስተር ዊትከም እኔን አዩኝ፤ ጋሽ አሰፋን አዩ። «የተናገሩት ከዚህ ይረዝም ነበር» አሉ በቀስታ።

ጋሽ አሰፋ በመስኮቱ ሐይቁን ያያሉ። ማንም አላገዘኝም። ተናገርኩት። መጀመሪያ እንደ አስተርጓሚ «እሱ» እያልኩ፣ ኋላ «እኔ» እያልኩ፣ ሽማግሌው ካሉትም በላይ ተናገርኩ፤ የባልዲውን ሽታ፣ ያን ቀን ማታ አባቴ ሰምቶኝ ሲያበቃ ጫማውን ፈቶ መልሶ ሲያስር ምን እንደተሰማኝ። ያን ጠዋት ስለ ራሴ ሳልንተባተብ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው። ሚስተር ዊትከም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ነበር የሚሰሙኝ።

ስጨርስ ጋሽ አሰፋ እንዲህ አሉ፦ «ለዚህ ልጅ ዋስ ይሁኑት። መልሱን ግን በወረቀት አንቀበልም። እሺም ይሁን እምቢ፣ ከአፍዎ ነው የምንሰማው።»

ሚስተር ዊትከም ራሳቸውን ነቀነቁ። የጨዋነት ንቅናቄ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ፤ ጋሽ አሰፋ ባዶ ሻይ ጠጡ፣ ጋሽ ተስፋዬ ስለ ሁለቱም ሆነው የቅቤውን ብስኩት ጨረሱት።

መጋቢት ላይ ስስ ፖስታ መጣ። እንዲህ ያለ ፖስታ ሳይከፈት ይታወቃል። አልተቀበሉኝም። አንብቤ ስጨርስ አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ይህ መልስ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ገና ነው» አለኝ።

«ያበላሸኸው አንተ ነህ» አልኩት። «ከነሽማግሌዎችህ።»

አባቴ አልተቆጣኝም። ሸሚዙን ለብሶ ሥራ ገባ።

ከሳምንት በኋላ ከጄኔቫ አጭር ካርድ ደረሰን። ሚስተር ዊትከም ቅዳሜ እንደሚመጡ፣ ሁለቱ ሰዎች ቢገኙ ደስ እንደሚላቸው ጽፈዋል። ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ሰውየው ከአውቶቡስ ወርደው ሕንፃው ጠፍቶባቸው፣ በስብሰው አምስተኛ ፎቅ ደረሱ። ጋሽ አሰፋና ጋሽ ተስፋዬ ቀድመው ተቀምጠዋል። እናቴ ፎጣ አቀበለች፣ አባቴ ወንበሩን ሳበ።

አልተቀመጡም። ኮታቸው ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እጃቸውን አጣምረው ሳሎናችን መሐል ቆሙና እንድተረጉም ጠየቁኝ።

«መልሱ እምቢ ነው» አሉ። «በብዙ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙን የጻፍኩት ለዚህ ልጅ ነው። ለምን እምቢ እንዳሉ ለኛም አይነግሩንም። የትራሙን ታሪክ ጽፌዋለሁ። ምናልባት ጎድቶት ይሆናል፤ አላውቅም። እንደገና ብጽፍ ግን አላስቀረውም። ከአፌ እንድትሰሙ ራሴን ነቅንቄላችሁ ነበር፤ መጣሁ።»

ይህን ሁሉ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ጋሽ አሰፋ ተነሡ። ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው በማላውቀው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ ቃልዎን አክብረዋል፣ አሁን ይቀመጡ አሏቸው። ጄኔቫ ላይ ታታሪ ልጅ ነው ብዬ ስቀጥፍ ሁሉን ሰምተው ሐይቁን ያዩ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ሚስተር ዊትከም የእናቴን የጾም ሽሮ በሁለት እጃቸው እየታገሉ በሉ። ሲሄዱ አባቴ ሊሸኛቸው ወረደ፤ ጃንጥላ ረስቶ ስለነበር ሮጬ ደረስኩበት። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መንገዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ስል «ተው፣ ጃንጥላውን ቀና አድርገህ ያዝ፣ እየበሰበስን ነው» አለኝ። በዚያው ታረቅን።

የተማርኩት ዙሪክ ነው። ኖርኩበት፣ ወለድኩበት፤ የሚያስቆጭ ሕይወት አይደለም። አባቴም ጋሽ አሰፋም ዛሬ የሉም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሳራ መልሷን የምትከፍትበት ቀን ነበር። ዓርብ ዕለት ዲቤንዶርፍ ደወልኩ፤ ጋሽ ተስፋዬም ዘጠናቸውን ሊደፍኑ ምንም ባልቀራቸው ዕድሜ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በባቡር መጡ። ሳራ ሶፋው ላይ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ስትል፣ ሁለታችን ሳሎኑ መሐል ቆመናል።

«ባባ፣ ምን ሆናችኋል? ቁጭ በሉ እንጂ።»

«መልሱ ይምጣ» አልኳት።

ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ግን እስከዚያች ቀን የሽማግሌ ተረት ይመስላት ነበር። ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ከፈተችው፤ አነበበችው። እኔ ከኮሌጁ ይልቅ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፦ ምንም ይሁን ምን፣ ይህን መልስ ፊት ለፊቷ ሰው ቆሞ ትቀበለው ብዬ።

«በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ተስፋዬ፤ «ከአፍሽ ነው የምንሰማው።»

ሳራ ኮምፒውተሩን ዘግታ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ተነሥታ ቆመች። መልሱ የሷ ነው፤ ስታረጅ እሷው ትጻፈው። ነገረችን፤ ሰምተን ስናበቃም ሦስታችንም ተቀመጥን።