የእስረኛው ሰደቃ

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ መምህር ነበርኩ፤ ሰኞ ገበያ አጠገብ ከአንዲት እናት ግቢ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀበሌው አንድያ ልጃቸውን ካሰረው ወዲህ በየቀኑ ምሳውን ይዘን እንሄዳለን። ምግቡን እሳቸው ይሸከማሉ፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው በመቆሜ ብቻ ጀግና የሆንኩ ይመስለኛል። የቀበሌው ጥበቃ በቆርቆሮው በር ላይ የምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ባዶውን ይመልሳል።

«ደህና ነው» ይለናል። አብዮቱ በነጻ የሚያድለን ነገር ቢኖር ይህችው ቃል ነበረች።

ረመዳን ገባ። ቀበሌው ምግብ የሚቀበለው በቀትር ብቻ ስለነበር፣ እናትየው «ለማፍጠሪያው ያስቀምጠዋል» ብለው መውሰዳቸውን ቀጠሉ። በመጀመሪያው ቀን ዕቃው እንደወትሮው ወዲያው ተመለሰ። ከፈቱት። የተጋጠ የበግ አጥንት አለበት፤ ገና አልደረቀም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

«ልጄ ጾም ገድፎ አያውቅም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ታሞ ይሆናላ፣ እናቴ።»

«የታመመ ሰው አጥንት እንዲህ ይግጣል?»

ከዚያ ወዲያ ያ የቆርቆሮ በር ሲከፈት በሰማሁ ቁጥር ያ አጥንት ትዝ ይለኝ ነበር። ከበሩ በስተጀርባ በልጁ ስም የሚበላ አፍ አለ። ልጁ ግን የለም። «የአብዮት ጠላት» ተብሎ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነው፤ መገደሉን ደግሞ ማንም አልነገረንም። ስለዚህ እናትየው ደህና ለሆነ ልጅ ምሳ ማመላለሳቸውን ቀጠሉ።

ዒድ ካለፈ በኋላ ሥጋ ሠርተው፣ ድስቱን አሸክመውኝ በሩ ላይ ቆመው ጥበቃዎቹን ጠሩ።

«ዛሬ ለእናንተው ነው። የልጄ ሰደቃ ነው። ብሉና ዱዓ አድርጉለት።»

«አብሽሩ እናቴ፣ ከተረፈን ለሱም እናስገባለታለን» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ።

በሉ። ለእስረኛ የሚደረገውን ዱዓ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ «አላህ ያውጣው» ይባላል። ከኩታበር የመጣው ጎልማሳ ጥበቃ ግን ጣቱን ልሶ፣ መዳፎቹን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«አላህ ቀብሩን ኑር ያድርግለት» አለ።

«አሚን» አሉ ሌሎቹ፣ አፋቸው እንደለመደው።

ጎልማሳው ዓይኑን ገለጠ፤ እጆቹ ግን እንደተዘረጉ ቀሩ።

እናትየው ድስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ። «ማልቀስ ክልክል ነው፤ ተነሱ» ያላቸው የለም። ሁሉም ከሰደቃው በልተዋል።