የኃላፊው ወዳጅ

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ የማኔጅመንት ዲግሪ አለው። ካፖርቱ ከሱ በፊት ለነበረው ረጅም ዘበኛ የተሰፋ ስለሆነ ቁርጭምጭሚቱን ይመታዋል። ሊንክዲን በሚባለው የባለሙያዎች መተዋወቂያ ድረ ገጽ ላይ ግን ከፎቶ ቤት በተዋሰው ሱፍና ከረባት ጉብ ብሏል፤ ማዕረጉም «የደኅንነት አስተዳደር ባለሙያ» ነው። በየማለዳው ሹመት ላገኘ ሁሉ «እንኳን ደስ አለዎት» ይጽፋል። እንዲህ እያለ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ወዳጅ አፍርቷል፤ አንዱ የዚሁ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው።

ለአቤቱታ ከገጠር ሦስት ቀን የተመላለሱ እናት፣ ኃላፊውን ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቁት።

«እንዴታ፣ እናቴ! ወዳጄ ናቸው።»

«እንግዲያ አንድ ቃል ንገርልኝ፣ ልጄ።»

ኃላፊውን በአፉ አናግሯቸው አያውቅምና ስልኩን አውጥቶ «በአካል ባገኝዎት ደስ ይለኛል» ብሎ ላከ። ወዲያው ከውጭ የኃላፊው መኪና ክላክስ ጮኸ። በሩን በርግዶ እጅ ነሣ። ኃላፊው ከኋላ ወንበር ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ፣ ቀና ሳይሉ አለፉ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ።

«እኔም ወንድሜ! አንድ ቀን እንገናኛለን።»

«ምን አሉ?» አሉ እናት።

ካፖርቱን አስተካከለና «ቀጥረውናል፣ እናቴ» አላቸው።