የእንጨቱ መድረክ

በባንዱ ውስጥ «ምሰሶ» ነው የሚሉት፤ ቤዝ ጊታሩን አንግቶ አንዴ ከቆመ ንቅንቅ አይልማ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሠላሳ ወንበር በምትይዝ ጠባብ ሙዚቃ ቤት፣ ከከበሮው ጎን ቀኝ ጫማውን አውልቆ በካልሲ እየቆመ ተጫውቷል።

«ኧረ ጋሼ፣ ያን ካልሲ ለሰው አታሳይ፤ የፊት ወንበር ባዶ የሚሆነው በሱ ነው» ይለዋል ከበሮ መቺው።

«አንተ ከበሮህን ምታ፤ እግሬን ለኔ ተወው።»

ምስጢሩን የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ እህቱ ብቻ ናት። ከድምፅ ማጉያው ጎን የኖረው ግራ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፤ ቀኙም ከአምና ወዲህ እየከዳው ነው። የትልቁ ከበሮ ምት ግን በእንጨቱ ወለል አልፎ እግሩ ሥር ይደርሳል። ምቱን የሚይዘው በተረከዙ ነው።

«ንገራቸው» ትለዋለች።

«ነግሬስ? ጆሮ የሌለው ሙዚቀኛ ማን ያስጠጋል?»

በዚያች ቤት የጀመረ ባንድ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ የትልቅ አዳራሽ ባለቤት አንድ ቀን መጥቶ ጥግ ላይ እንዲቀመጥ። ለእነሱ የመጣው በአሥራ አንደኛው ዓመት ነው። «ማክሰኞ ከሰዓት እኔ ጋ ኑና ልስማችሁ» አላቸው። ዘፋኟ እስኪወጣ እንኳ መታገሥ አቅቷት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

ማክሰኞ «ምሰሶ» አዳራሹ መድረክ ላይ ወጥቶ ጫማውን አወለቀ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ተረከዙን አጥብቆ ቢረግጠው ከቅዝቃዜ በቀር የሚመጣ ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ዘፈን የከበሮ መቺውን እጅ እያየ እንደምንም ተወጣው። በሁለተኛው ዘፋኟ መሀላቸው ገብታ ቆመች። ዓይኑን ጨፍኖ በልቡ እየቆጠረ ቀጠለ። ሲገልጠው ሁሉም እጃቸውን አውርደው እሱን ያያሉ። ዘፈኑ ካለቀ ቆይቷል፤ ብቻውን ነበር የሚጫወተው።

ከበሮ መቺው ከመቀመጫው ተነስቶ ጫማውን አመጣለትና ጆሮው ሥር ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

አዳራሹ ባንዱን ወሰደ፤ ለቤዙ ሌላ ሰው ተገኘ።

«ምሰሶ» ከወር በኋላ አንድ ቀትር ላይ ወደ ጠባቧ ቤት ጎራ አለ። አዲስ ልጆች ይለማመዳሉ። መድረኩ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ጫማውን አወለቀ፤ ምቱ መጣለት። ከበሮ መቺያቸው እጁን አቁሞ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየው።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አደረገ፤ ክሩን ሳያስር ወጣ።